ሰዓቱን አፕዴት ካደረግኩ ወዲህ ፔሱ አልረጋ አለ፤ ወደ ድሮው ስሪት መመለስ ይቻላል?

የመነሻው ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ አንድ ሯጭ ስለ ጂፒኤስ (ቦታንና ርቀትን በሳተላይት የሚለካ) የሩጫ ሰዓቱ በኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነሳውን ክር፣ ማለትም ጥያቄውንና የተሰጡትን መልሶች፣ በተራ ያያል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ዝርዝሩ ግን የተሟላ ነው፣ እንዲህ ቁጥር ይዞ የሚመጣ ጠያቂ ሁልጊዜ አይገኝም። ሩጫው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በሜክሲኮና በልደታ አድርጎ ጦር ኃይሎች አካባቢ ደርሶ መልስ ነው። ሰዓቱ ይህንን መንገድ ሁልጊዜ 10.02 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያወጣለት ኖሮ፣ አዲሱ ሶፍትዌር ከገባ በኋላ 9.78 ማለት ጀመረ። በ45 ደቂቃ ሲጨርስ 4:29 የነበረው አማካይ ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ደቂቃና ሰከንድ) አሁን 4:36 ሆኗል። ከዚህ ይበልጥ ያበሳጨው ግን በሩጫ ላይ የሚያየው ቁጥር ነው፦ አረጋገጡን ሳይለውጥ 4:05 ያሳየዋል፣ ትንሽ ቆይቶ 5:10 ይለዋል። ጥፋተኛው አፕዴቱ እንደሆነ ደምድሞ ነው የመጣው። የሰዓቱን ስም አልጻፈም፤ የጠየቀው ወደ ድሮው ስሪት የሚመለስበትን መንገድ ብቻ ነው።

መልስ 1

በትሕትና ይጀምርና በሩን ይዘጋዋል። አብዛኞቹ አምራቾች ለተጠቃሚ የመመለሻ መንገድ አይሰጡም፤ አፕል ዎች ላይማ ጨርሶ የለም። ከማይታወቅ ድረ ገጽ የወረደ የሶፍትዌር ፋይል በገመድ ሰዓቱ ውስጥ መክተትን በተለይ ያስጠነቅቃል፤ የሌላ ሞዴል ወይም የተበላሸ ፋይል ከሆነ ሰዓቱ ከነአካቴው ላይነሳ ይችላል። ከዚያ ጠያቂው ሦስት ነገሮችን አይቶ እንዲጽፍ ይለምነዋል፦ የሩጫው ሴቲንግ ውስጥ የሳተላይት ምርጫው ምን ላይ እንዳለ፣ አውቶ ፖዝ (ሯጩ ሲቆም ቆጠራውን በራሱ የሚያቆመው) በርቶ እንደሆነ፣ ሰዓቱ በየስንት ሰከንዱ እንደሚመዘግብ። ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅም ጠያቂው ብዙ አይጎዳም ነበር።

መልስ 2

ጠያቂውን ይደግፋል፤ መረጃ ግን አልያዘም። ኩባንያዎቹ ያልበሰለ ሶፍትዌር በደንበኛ ላይ ይሞክራሉ የሚል ምሬት ነው፤ ብዙ ላይክ አግኝቷል።

መልስ 3

ፔስ ከአፕዴት በፊትም ቢሆን ለምን እንደሚዘል በሒሳብ ያሳያል። በ4:00 የሚሮጥ ሰው በሰከንድ 4.17 ሜትር ይሄዳል። ሰዓቱ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ያለበትን ቦታ 1 ሜትር ወደ ፊት ቢስት፣ የሄደው 5.17 ሜትር ይመስለዋል፤ ይህ 3:13 ፔስ ነው። 1 ሜትር ወደ ኋላ ቢስት ደግሞ 5:15 ይወጣል። ሯጩ ምንም አልለወጠም፤ የስሕተቱ መጠንም ከአንድ እርምጃ ያነሰ ነው። ሰዓቱ ይህን ዝላይ የሚያረግበው የበርካታ ሰከንዶችን ውጤት አንድ ላይ አማክሎ በማሳየት ነው። የሚያማክለው ጊዜ ሲረዝም ቁጥሩ ይረጋል፣ ግን ይዘገያል፤ ሲያጥር ቶሎ ይከተላል፣ ግን ይዘላል። በ35 ሰከንድ በሚያልቅ የ200 ሜትር ኢንተርቫል (በእረፍት እየተቆራረጠ የሚደጋገም ፈጣን ሩጫ) ላይ የ10 ሰከንድ መዘግየት ማለት የሩጫው ሲሶ ገደማ በተሳሳተ ቁጥር ማለፉ ነው። አፕዴት ይህንን ማማከያ ሊነካው ይችላል፤ አምራቹም በለውጥ ዝርዝሩ ላይ «የጂፒኤስ መሻሻል» ብሎ በአንድ መስመር ሊያልፈው ይችላል።

መልስ 4

ሦስተኛውን ያመሰግንና ያርመዋል፤ የክሩ ምርጥ እርማትም ይህ ይመስለኛል። ሰዓቱ ፍጥነትን የሚያውቀው ሁለት ነጥቦችን በማነጻጸር ብቻ አይደለም። ሳተላይቱና ሯጩ እርስ በርስ ሲንቀሳቀሱ የሚደርሰው ሲግናል ድግግሞሹ በጥቂቱ ይቀየራል፤ ይህ የዶፕለር ለውጥ ይባላል። ከዚያ የሚወጣው ፍጥነት በገላጣ ቦታ ላይ ከነጥብ ንጽጽር እጅግ ይሻላል። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቅጽበታዊ ፔስና የተጠራቀመው ርቀት ከአንድ ምንጭ ላይመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ተበላሽቶ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ጠያቂው ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ስም እየጠራ ነው ይላል፦ የርቀት ማጠርና የፔስ መዝለል።

በዚያ ላይ እጅ አለ። በደቂቃ 180 እርምጃ የሚረግጥ ሯጭ ክንዱ በሰከንድ አንድ ጊዜ ተኩል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። አንቴናው ያለው ክንዱ ላይ ስለሆነ የሚለካው የሰውነቱን ፍጥነት ሳይሆን የእጅ አንጓውን ነው። ያንን ውዝዋዜ ለማጣራት ሶፍትዌሩ ከውስጥ ካለው የእንቅስቃሴ ዳሳሽ ጋር ያመሳክራል። ሰዓት እጅ ላይ የላላ ከሆነ ይህ ማጣሪያ ይቸገራል።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች ጂፒኤስ በከፍታ ይዛባል የሚል ግምት ይሰነዝራል። ስድስተኛው አይምረውም፦ ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው እያለ ስለ 2.4 ኪሎ ሜትር ማውራት ፌዝ እንደሆነ፣ ከፍታ የሚነካው በአየር ግፊት የሚሠራውን የከፍታ መለኪያ እንጂ ፔስን እንዳልሆነ፣ ሳያውቁ መጻፍ ክሩን እንደሚያቆሽሽ ይናገራል። ፍሬ ነገሩ ልክ ነው፤ አነጋገሩ ግን አምስተኛውን ከክሩ አባርሮታል፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 7

ነገሩን ለማብረድ ይመስላል፣ ከፍታን በሌላ በኩል ያነሳዋል። ብዙ ሰዓቶች የሩጫን ርቀት የሚቆጥሩት ከላይ እንደታየ አድርገው፣ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ነው። ዳገት ላይ እውነተኛው መንገድ ትንሽ ይረዝማል። በ100 ሜትር 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ልዩነቱ 100.5 በ100 ነው፤ ግማሽ ከመቶ። 10 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ እንዲህ ያለ ዳገት ቢሆን እንኳ የሚጎድለው 50 ሜትር ነው። የጠያቂው 240 ሜትር ጎድሏል፤ ያውም በአብዛኛው ለጥ ባለ አስፋልት ላይ። ስለዚህ ዳገት ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ይሰረዝ ይላል። በተራራ ላይ ለሚሮጥ ግን ርቀትን በሦስት አቅጣጫ የሚቆጥር ሴቲንግ ያላቸው ሰዓቶች እንዳሉ ይጠቁማል።

መልስ 8

መንገዱን የሚያውቅ ሰው መጣ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለው የቀላል ባቡር መስመር ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ነው የሚሄደው። ከሥሩ የሚሮጥ ሰው ሰዓቱ ከአናቱ ያለውን ሰማይ አያይም፤ የሚደርሰው በጎን በኩል የገባና ግድግዳ ነክቶ የተመለሰ ሲግናል ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ ደግሞ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትና ዙሪያው ያሉት የመስታወት ሕንጻዎች አሉ። ከመስታወት የተመለሰ ሲግናል ረዥም መንገድ ስለሚመጣ ሰዓቱ ራሱን ከመንገዱ ማዶ ያስቀምጣል።

ቀጥሎ ስለ ሁለት ድግግሞሽ ያብራራል። የድሮዎቹ ሰዓቶች የሚሰሙት ኤል 1 የሚባለውን 1575.42 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አዳዲሶቹ ኤል 5 የተባለውን 1176.45 ሜጋኸርዝም ይጨምራሉ። የኤል 5 ኮድ ከተለመደው የኤል 1 ኮድ በ10 እጥፍ ይፈጥናል፤ በዚህ ምክንያት ሰዓቱ በቀጥታ የመጣውን ሲግናል ግድግዳ ነክቶ ከመጣው ለመለየት ይቀለዋል። ከጋርሚን ፎርራነር 255 እና 955፣ ከኮሮስ ፔስ 3፣ ከፖላር ቫንቴጅ ቪ 3፣ ከሱንቶ ቨርቲካል፣ ከአፕል ደግሞ አልትራ የሚባሉት ይህን ይዘዋል። ፎርራነር 165 በ2024 ወጥቶም አልያዘም፤ ስለዚህ የወጣበትን ዓመት አይቶ መግዛት ያሳስታል። ሁለቱ ድግግሞሾች ሕንጻ መሐል ያግዛሉ፣ ድልድይ ሥር ግን ሰማዩ ራሱ ስለተሸፈነ ተአምር አይሠሩም። መፍትሔው ከድልድዩ ወጣ ብሎ በዳር ባለው የእግረኛ መንገድ መሮጥ ነው።

መልስ 9

ጠያቂው ተመለሰ፤ የተጠየቀውን ይዞ። የሳተላይት ምርጫው ባትሪ ቆጣቢው ላይ ሆኖ አግኝቶታል፤ አውቶ ፖዝም በርቷል። ሁለቱንም እሱ እንዳልነካቸው ይምላል። ሰዓቱ ሁለት ድግግሞሽ ያለው ዓይነት እንደሆነም አሁን ገና ነገረን።

መልስ 10

የክሩ ረጅሙና ጠቃሚው መልስ ነው። አፕዴት ሲገባ አዲስ የሴቲንግ አደረጃጀት ካመጣ፣ የድሮው ምርጫ ወደ ፋብሪካው መነሻ ሊመለስ ይችላል። በተለይ የሳተላይት ምርጫ በሁለት ቦታ በሚገኝባቸው ሰዓቶች ላይ፣ ማለትም አንዱ ለሰዓቱ በጠቅላላ፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ስፖርት በሚሆንባቸው ላይ፣ አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሩጫ፣ የተራራ ሩጫና የመም ሩጫ እያንዳንዳቸው ተከፍተው መታየት አለባቸው።

ባትሪ ቆጣቢው ለምን ርቀት እንደሚበላም ያስረዳል። በዚያ ምርጫ ጂፒኤሱ እየበራ እየጠፋ ይሠራል፤ ነጥቦቹ ይራራቃሉ። በሁለት ነጥብ መካከል ያለው መታጠፊያ በቀጥታ መስመር ይቆረጣል። መሐሉን ሰዓቱ በእጅ ውዝዋዜ ገምቶ ይሞላዋል፤ ግምቱ ቅርብ ጊዜ ካልተለማመደ ደግሞ ይስታል። አውቶ ፖዝ የራሱን ይጨምራል፦ ሲግናሉ ድልድይ ሥር ሲዳከም ፍጥነቱ የወረደ ይመስለውና ሰው እየሮጠ ቆጠራውን ያቆማል፣ ቀጥሎ ለመጀመር ጥቂት ሰከንድ ይፈጅበታል። አውቶ ፖዝ የበላው ርቀት ጊዜውንም አብሮ ስለሚበላ አማካይ ፔስ ላይ ጎልቶ አይታይም፤ ጠቅላላ ርቀቱ ግን ይጎድላል። የጠያቂው 45 ደቂቃ በሰዓቱ የተቆጠረ ነው ወይስ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ሙሉ ጊዜ? ይህንን ሳያጣሩ 4:36ን ማመን አይገባም ይላል።

ከዚያ ከአፕዴት በፊትና በኋላ የሚደረገውን በቅደም ተከተል ይጽፋል። ከአፕዴቱ በፊት ያልተላለፉ ሩጫዎችን ወደ ስልኩ ሲንክ ማድረግ፤ ባትሪውን ከግማሽ በላይ መሙላት፤ በብሉቱዝ ከሚቋረጥ ይልቅ የሚቻል ከሆነ በገመድ በኮምፒውተር መጫን። ከጨረሰ በኋላ አንዴ አጥፍቶ ማብራት፣ እንደገና ከስልኩ ጋር ማገናኘት። ይህ የመጨረሻው ለሳተላይት ፋይሉ ነው፦ ስልኩ ለሚቀጥሉት ቀናት ሳተላይቶቹ የት እንደሚሆኑ የሚተነብይ ትንሽ ፋይል ይልካል። ፋይሉ ከሌለ ወይም ጊዜው ካለፈ ሰዓቱ መረጃውን ከሰማይ በቀጥታ ማውረድ አለበት፤ ጂፒኤስ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ስለሚልክ የአንዱን ሳተላይት መገኛ ለመቀበል 30 ሰከንድ፣ የሁሉንም አጠቃላይ ሰሌዳ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገላጣ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አቁሞ መተው ይበጃል። በሌሎቹ ቀናትም ሰዓቱ ሲግናል መያዙን በአረንጓዴ እንዳሳየ ከመፈትለክ አንድ ደቂቃ መጨመር የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ያድነዋል።

በመጨረሻ አንድ የማይታወቅ ነገር ይነግረናል፦ የጂፒኤስ ቺፑ የራሱ ሶፍትዌርና የራሱ የስሪት ቁጥር አለው። ስለ ሰዓቱ መረጃ በሚያሳየው ገጽ ላይ ከዋናው ቁጥር በታች ይገኛል። ዋናው ተቀይሮ የቺፑ ካልተቀየረ፣ ሲግናል አቀባበሉን አፕዴቱ አበላሸው ማለት ይከብዳል። አምራቾች አፕዴትን ለሁሉም በአንድ ቀን ስለማይለቁም ተመሳሳይ ሰዓት ያላቸው ሁለት ሰዎች የተለያየ ስሪት ላይ መገኘታቸው የተለመደ ነው።

መልስ 11

አፕዴት ሁልጊዜ ንጹሕ ነው እንዳይባል ጥር 2017 ዓ.ም.ን ያስታውሳል፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 28 ቀን 2025። በዚያን ቀን በዓለም ዙሪያ ብዙ የጋርሚን ሰዓቶች ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን እያሳዩ ይዘጉና ይነሱ ነበር። ጥፋቱ ከዋናው ሶፍትዌር ሳይሆን አሥረኛው ካነሳው ዓይነት የሳተላይት ፋይል ነበር፤ አጥፍቶ ማብራትና እንደገና ሲንክ ማድረግ ብዙዎቹን አዳነ። ቁም ነገሩ ይህ ፋይል ሰው ሳይጠየቅ በየጊዜው መግባቱ ነው፤ አፕዴት አላደረግኩም የሚል ሰው ሰዓት ላይም ይገባል።

መልስ 12

ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚሮጡ ሰዎች ሌላ ተጠርጣሪ እንዳለባቸው ይናገራል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚህ ቀበቶ ላይ ባለው አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የላይኛው የአየር ንብርብር) ውስጥ የሳሳ ጋዝ እንደ አረፋ ወደ ላይ ይወጣና በውስጡ የሚያልፈውን ሲግናል ያንቀጠቅጠዋል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው በመጋቢትና በመስከረም ወራት ይበረታል፤ ፀሐይ ንቁ በሆነችባቸው ዓመታት ደግሞ ይብሳል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ሁለት ድግግሞሽ የአዮኖስፌርን መዘግየት ለማረም ያግዛል፤ መንቀጥቀጡን ግን አያስቀረውም። ጠያቂው የሚሮጠው ንጋት ላይ ስለሆነ ጉዳዩ አይመለከተውም፤ ጸሐፊውም ይህን ራሱ አምኖ ነው የጻፈው። የክሩን አቅጣጫ ያስቀየረ ቢሆንም ለማንበብ የሚጥመው ይህ ነው።

መልስ 13

ስድስተኛውን ስለ አነጋገሩ ይገሥጸውና ወደ እንጦጦ ይወስደናል። ባሕር ዛፍ መሐል ተሰልፈው እየተጠማዘዙ የሚሮጡ ሰዎች ሰዓት ምን ያሳያል? በየ15 ወይም 20 ሜትሩ የሚታጠፍ መንገድ ላይ ማማከያው መታጠፊያዎቹን ያለሰልሳቸዋል፤ ርቀቱ ያጥራል፣ ፔሱም ከእውነቱ የዘገየ ይመስላል። ይህ የሰዓቱ ብልሽት አይደለም፤ አፕዴትም አያስተካክለውም። እዚያ ለሚሮጥ ሰው የሚያዋጣው በደቂቃና በልብ ምት መሮጥ ነው፤ በጫካ ውስጥ ፔስ ማሳደድ ምንም አይጠቅምም ይላል። እስማማለሁ።

መልስ 14

ሰዓት ልክ መሆኑን ለማወቅ ሌላ ሰዓት ሳይሆን የታወቀ ርቀት ያስፈልጋል። የ400 ሜትር መም የሚለካው በመጀመሪያው መስመር ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ነው። ሁለተኛው መስመር 407፣ አራተኛው 422፣ ስምንተኛው 453 ሜትር ይሆናል። አሰልጣኙ ወደ ውጭ አስወጥቶት በአራተኛው መስመር 10 ዙር የሮጠ ሰው 4,224 ሜትር ሄዶ ሰዓቱን 4,000 አላሳየም ብሎ ይከሰዋል። የመም ምርጫ ባላቸው ሰዓቶች ላይ የመስመሩን ቁጥር በትክክል ማስገባትና መጀመሪያ ላይ መስመር ሳይቀይሩ ጥቂት ዙር መሮጥ ግድ ነው፤ ሰዓቱ መሙን የሚያውቀው በእነዚያ ዙሮች ነው። መስመር ቀይሮ ቁጥሩን ያልቀየረ ሰው ከሰዓቱ ጋር ባይጣላ ይሻላል።

ከዚህ ተነስቶ ለጠያቂው ፈተና ይሰጠዋል። በመጀመሪያው መስመር፣ ተራውን የሩጫ ምርጫ ይዞ፣ በየሰከንዱ እንዲመዘግብ አድርጎ፣ በየ1,000 ሜትሩ ላፕ (ሩጫውን በክፍል የሚቆርጠውን ቁልፍ) በእጅ እየተጫነ 4 ኪሎ ሜትር ይሩጥ። ከዚያ ጥሬውን ፋይል አውርዶ ሁለት ዓምዶችን ያነጻጽር፦ ርቀት በጊዜ ሲካፈል የሚወጣውንና ሰዓቱ ራሱ የጻፈውን ፍጥነት። ሁለቱ ከተለያዩ ችግሩ ማማከያው ላይ ነው፤ ሁለቱም አብረው ከሳቱ አቀባበሉ ላይ ነው።

መልስ 15፣ 16 እና 17

እዚህ ላይ ጸብ ተነሳ። አሥራ አምስተኛው ጫማ ላይ የሚታሰር ዳሳሽ ገዝቶ መገላገል ይሻላል ይላል፤ የሰዓቱን የፍጥነት ምንጭ «ሁልጊዜ ከዳሳሹ» ላይ ማድረግ፣ ርቀቱን ግን ለጂፒኤስ መተው። የዳሳሹን ልኬት ማስተካከያም ይሰጣል፦ እውነተኛው ርቀት ለታየው ተካፍሎ በድሮው የማስተካከያ ቁጥር ይባዛል። 2,000 ሜትር ተሮጦ 1,960 ካሳየና ቁጥሩ 100 ከነበረ አዲሱ 102 ይሆናል። ጫማ ሲቀየር ልኬቱ ይደገም።

አሥራ ስድስተኛው ይህን ገንዘብ ማባከን ይለዋል። ቅጽበታዊ ፔስን ከመስኮቱ ላይ አውጥቶ የላፕ ፔስን (ከመጨረሻው ላፕ ወዲህ ያለውን አማካይ) ማስገባት በነጻ ይሠራል፤ በኪሎ ሜትሩ ምልክት ላይ ላፕ በእጅ መጫን ከየትኛውም ዳሳሽ ይበልጣል። ከዚያ ትንሽ ይመርራል፦ ሰዓት ሳያይ መሮጥ የማይችል ትውልድ ተፈጠረ እያለ።

አሥራ ሰባተኛው ሁለቱንም በአንድ ምሳሌ ያስታርቃል፣ ወይም ያስታረቀ ይመስለዋል። የማራቶን መንገድ የሚለካው በአጭሩ መስመር ከመታጠፊያው 30 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ነው፤ እንዳያጥርም አንድ ሺሕኛ ይጨመርበታል፣ ማለትም 42 ሜትር። ሯጭ በሰው መሐል እየተጋፋ ያንን አጭር መስመር ስለማይይዝ ሰዓቱ 42.6 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ሰዓቱ ላይ 4:00 እያየ የሚሮጥ ሰው 2:48:47 እጨርሳለሁ ብሎ ያስባል፤ 42.6 ሲሆን ግን 2:50:24 ላይ ነው የሚደርሰው። አንድ ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ያጣው በአፕዴት አይደለም። ስለዚህ በውድድር ላይ የላፕ ፔስ ብቻውንም አይበቃም፤ አውቶ ላፕ መጥፋት አለበት፣ አለዚያ ሰዓቱ ከመንገድ ምልክቱ በፊት በራሱ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። አሥራ አምስተኛው ተመልሶ ዳሳሹ ይህንንም ይፈታል ሊል ሞከረ፤ አይፈታም፣ ሰውየው በእውነት የሄደው ርቀት ነው የረዘመው።

መልስ 18

ጠያቂው ውጤት ይዞ ገባ። አውቶ ፖዙን አጥፍቶ፣ ሁለቱንም ድግግሞሽ አብርቶ በዚያው መንገድ 9.97 አግኝቷል። ፔሱ ድልድዩ ሥር አሁንም ይዘላል፤ ከልደታ በኋላ ግን ረግቷል። የመሙን ፈተና አላደረገም። ወደ ድሮው ስሪት የመመለስን ነገር አላነሳውም።

መልስ 19

ከመሐል ገብቶ ሰዓቱ የልብ ምቱን ንጋት ላይ 178 እንደሚያሳየው፣ ልቡ ይታመም እንደሆነ ይጠይቃል። ርዕሱ ባይሆንም ሃያኛው ይመልስለታል።

መልስ 20

ከሩጫው የእርምጃ ቁጥር ጋር አነጻጽረው ይለዋል፤ እሱም 178 ከሆነ ሰዓቱ የሚቆጥረው ልብን ሳይሆን እግርን ነው። በብርድ ቆዳ ላይ የሚደርሰው ደም ስለሚቀንስ የእጅ አንጓ ዳሳሽ ደካማውን የልብ ምት ትቶ ጠንካራውን የእርምጃ ምት ይይዛል። ማሰሪያውን ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ፣ ከመነሳቱ በፊት ከልብስ ሥር ማሞቅ፤ ካልሆነም የደረት ማሰሪያ። የደረት ማሰሪያውም ላይ ያው ከሆነና ሰውነቱ ደካማነት ከተሰማው ሐኪም ዘንድ ይሂድ እንጂ እዚህ አይጠይቅ ይላል፤ ትንሽ ቆጣ ብሎ።

መልስ 21

ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫን ለሚሮጡ የተጻፈ ነው። በውድድሩ ሳምንት አፕዴት አይደረግም፤ በራሱ እንዳይጭንም አውቶማቲኩ ይጠፋል። ዋዜማው ላይ ግን ከስልክ ጋር ሲንክ ይደረጋል፤ የሳተላይት ፋይሉ እንዲታደስ። መስቀል አደባባይ ላይ በሰው ተከቦ እጅን ዝቅ አድርጎ ሲግናል መጠበቅ ስለሚያዘገይ፣ ወደ መሰለፊያው ከመግባት በፊት ገላጣ ቦታ ላይ የሩጫውን ገጽ ከፍቶ ማስያዝ። አንዳንድ ሰዓት ተከፍቶ ሳይጀመር ከቆየ ለባትሪ ሲል ራሱን ስለሚመልስ አልፎ አልፎ ቁልፍ መንካት ያስፈልጋል።

መልስ 22

ያገለገለ ሰዓት ሊገዛ ያሰበ ሰው ምን ልይ ይላል፤ ጠያቂም መላሽም ራሱ ነው። አፕል ዎች ከሆነ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት መላቀቁን ሳያዩ ገንዘብ አይከፈልም፣ ያለ አይፎንም አይሠራም። ሌሎቹ ላይ የቻርጅ ነጥቦቹ በላብ ዝገው እንደሆነ ማየት፣ ውጭ አውጥቶ በጥቂት ደቂቃ ሳተላይት መያዙን መፈተሽ፣ አምራቹ ለሞዴሉ አፕዴት መስጠት አቁሞ እንደሆነ ማጣራት።

መልስ 23 እና 24

ሃያ ሦስተኛው ከሁሉም ይርቃል፦ አፕዴቱ ሁለተኛ የሰዓት ሰቅ የሚያሳይ ገጽ ስላመጣ በሐበሻ ሰዓት ለማንበብ የሚሆን ከተማ አለ ወይ? ሃያ አራተኛው ቦነስ አይረስን ምረጥ ይለዋል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ መነሻ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ቦነስ አይረስ 3 ሰዓት ትዘገያለች፤ መሐላቸው ልክ 6 ሰዓት ነው። አቆጣጠሩ በ12 ሰዓት ከተደረገ፣ በፈረንጅ ጠዋት 7 ሲል ገጹ 1 ይላል። አርጀንቲና በአሁኑ ወቅት የበጋ ሰዓት ለውጥ ስለማታደርግ ዓመቱን ሙሉ አይዛነፍም። ቀኑም የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን እዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሲሞላ ነው። የሩጫው መዝገብ አይነካም፤ እሱ በዋናው ሰዓት ነው የሚጻፈው።